«ጣና ሰፊ ነው» ብሎ የዛተ ሰውና «ችግር የለበትም» ያለ ኩባንያ

ጥያቄው እንዲህ ይላል።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ጣና ላይ በጀልባ ሰው አመላልሳለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ዘጌ ለሚሄዱ እንግዶች የጀልባውን ትክክለኛ ዋጋ ጽፌ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጠፍኩ። ደላሎች ምን ያህል እንደሚጨምሩም ጻፍኩ። ብዙ ሰው ሼር አደረገው። ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው አካውንት ከሥሩ ይህን ጻፈ፦ ‹ጣና ሰፊ ነው። ዋናተኛም ይደክመዋል። ለእናትህ ሰላም በልልኝ፤ በቀዩ በር ሳልፍ አያቸዋለሁ።› የቤታችን በር ቀይ ነው። ሪፖርት አደረግኩ። ኩባንያው በማግሥቱ ‹መመሪያችንን አይጥስም› አለኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ‹ማን እንደሆነ አጣርተህ ና› አሉኝ። ኩባንያው ይህን ማንሳት፣ የሰውየውንም ማንነት መናገር በሕግ አይገደድም? ልከሰውስ አልችልም?»

ወንድሜ፣ መልእክትህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ ጠበቃ ነው። ስደግመው ዓይኔ ቀዩ በር ላይ ቀረ። እኔም እናት አለችኝ።

አጭሩን ላስቀድም። አዎ፣ ኩባንያው በአገራችን ሕግ ግዴታ አለበት። ግዴታው ግን ሰውየው ኮሜንቱን በጻፈባት ደቂቃ አይጀምርም። የሚጀምረው ኩባንያው ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ያንተ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ ኩባንያው አውቋል ወይስ አላወቀም? አንተ «ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ አውቋል» ትላለህ። እነሱ «አየነው፣ ዛቻ አልመሰለንም» ይላሉ። ሳልደብቅህ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አላቸው።

እስቲ ኮሜንቱን ጣናን አይቶ እንደማያውቅ ሰው ሆነህ አንብበው። «ጣና ሰፊ ነው።» ልክ ነው፣ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ዋናተኛም ይደክመዋል።» ይህም ልክ ነው። «ለእናትህ ሰላም በልልኝ።» እንዴት ያለ ጨዋ ሰው! አንድም የግድያ ቃል የለም፤ ስድብ እንኳ የለም። አንተ ግን አንብበህ እጅህ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም ውሃው ሥራህ ነው፣ በሩ የቤትህ ነው፣ ሰላምታውም ሰላምታ አይደለም።

አማርኛ ሲዝት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «እገድልሃለሁ» ብሎ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ሞቅ ያለው ነው፤ ጠዋት ይቅርታ ይጠይቃል። የሚያስፈራው «እንተያያለን» ብሎ ፈገግ የሚለው ነው። «ልጆችህ የት ነበር የሚማሩት?» ብሎ የሚጠይቀው ነው። «ቀንህን ቁጠር» የሚለው ነው። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ብቻ መሰለህ? እኔ ከቅኔው ይልቅ በክስ ፋይል ውስጥ ነው ያየሁት። የሚዝተው ሰው ሰሙን የኩባንያውን ጽሑፎች ለሚያጣራው ማሽን ይተወዋል፣ ወርቁን ለአንተ ይልካል።

ማሽኑ ደግሞ አማርኛው ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሆገን ለአሜሪካ ሴኔት ቃሏን ስትሰጥ ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች። ኩባንያው ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ ቋንቋዎች የሚሰጠው ጥበቃ የሳሳ መሆኑንም ተናግራለች። ስለዚህ በማግሥቱ የደረሰህን መልስ የሚጽፈው ማን ነው ብለህ አትናደድ። ምናልባት አንድም ሰው አላየውም።

ይህን ያህል ኮሜንቱ ላይ የቆየሁት በምክንያት ነው። የፌስቡክን ባለቤት የሜታን ደንብ ለምሳሌ ብንወስድ፣ ስውር ዛቻንም አነሳለሁ ይላል። ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ዛቻ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ነው። ሁለተኛው ነገሩን የሚያጸና የአካባቢ ሁኔታ ነው። ከእነዚህ የሁለተኛው ዓይነት ማጽኛዎች አንዱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዛቻው የደረሰበት ሰው ራሱ ወይም ወኪሉ ሪፖርት ማድረጉ። ሃምሳ ጓደኛህ ሪፖርት ቢያደርግ የአንተን አንድ ሪፖርት አያህልም። ብዙ ሰው «ሁላችሁም ሪፖርት አድርጉልኝ» ብሎ ይለጥፋል፤ ራሱ ግን አንዴ ነካ አድርጎ ይተወዋል።

ስለዚህ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ጠይቅ። መጻፊያ ቦታ ካለው ጻፍበት። ከሌለው ኩባንያዎቹ «የአገር ሕግ የሚጥስ ይዘት» የሚጠቆምበት ሌላ ቅጽ አላቸው፤ እዚያ ጻፍ። ቃሉ ይህን ይምሰል፦ «ይህ ጽሑፍ የግድያ ዛቻ ነው። የተዛተብኝ እኔ ነኝ። ሥራዬ ጣና ሐይቅ ላይ ጀልባ መንዳት ነው። ‹ጣና ሰፊ ነው፣ ዋናተኛም ይደክመዋል› ማለቱ ሐይቁ ላይ አሰምጥሃለሁ ማለቱ ነው። የቤታችን በር ቀይ ነው። እናቴ እዚያ ይኖራሉ። ቤታችንን እንደሚያውቅ እየነገረኝ ነው። ድርጊቱ በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ወንጀል ነው።» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፈው። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ እንግዳ የሚያስጎበኝ ጓደኛ አታጣም። ከዚያ የላክበትን ቀንና ሰዓት፣ የመጣልህንም የማረጋገጫ ቁጥር ያዝ። ከዚያች ሰዓት ወዲያ «አላወቅንም» የሚል ሰው የለም።

አሁን ወደ ሕጉ።

አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ያንተን ጉዳይ በደንብ ይሸፍነዋል። በኮምፒዩተር አማካኝነት ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል አሰራጭቶ ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ያስፈራራ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ይቀጣል። ነገሩ ከባድ ከሆነ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። «ቤተሰቡን» የሚለውን ልብ በል፤ የእናትህ ሰላምታ እዚያ ውስጥ ገብታለች። ስልክም በሕጉ ዓይን ኮምፒዩተር ነው፣ አንዳንዱ መርማሪ ይህን ሲሰማ ይገረማል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 580 ማስፈራራትን ይቀጣል፣ ግን እስከ 6 ወር ነው። በዚያ ላይ የግል አቤቱታ ይጠይቃል፤ አቤቱታው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። የአዋጁ አንቀጽ 13 የዛቻ ክፍል የግል አቤቱታ አይጠይቅም። ስለዚህ ጣቢያ ስትሄድ በአዋጁ ይመዝገብልህ።

ይህ ሁሉ ስለ ጸሐፊው ነው። ኩባንያው የሚመጣው አንቀጽ 16 ላይ ነው። አንቀጹ አገልግሎት ሰጪው ሌላ ሰው ባሰራጨው ሕገ ወጥ ይዘት በወንጀል የሚጠየቅባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ይዘረዝራል። አንዱ ራሱ ይዘቱን በማሰራጨት ወይም በማረም ከተሳተፈ ነው። ይህ አንተን አይመለከትም። ሁለተኛው ይዘቱ ሕገ ወጥ መሆኑን በእርግጥ ካወቀ በኋላ ለማንሳት ወይም ለመዝጋት ምንም እርምጃ ካልወሰደ ነው። ሦስተኛው ሥልጣን ያለው አስተዳደራዊ አካል አሳውቆት ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ነው። አንቀጹ የሚሠራው ከ12 እስከ 14 ላሉት ወንጀሎች ስለሆነ የአንተ 13 እዚያ ውስጥ አለ።

አየህ ሁለተኛውና ሦስተኛው እንዴት እንደሚለያዩ? በሁለተኛው አንተ የላክኸው ሪፖርት «ዕውቀት» ነው ወይስ አይደለም ብለን እንከራከራለን። በሦስተኛው ክርክር የለም። መንግሥት ጽፎለታል፣ አለቀ። ፖሊስ ጣቢያ የምልክህ ለዚህም ጭምር ነው፤ ሰውየውን ለማስያዝ ብቻ አይደለም።

አንቀጽ 27ም አለ። ብዙ ሰው አያነሳውም። አገልግሎት ሰጪው በሚያስተዳድረው ሥርዓት ላይ በአዋጁ የተከለከለ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ሕገ ወጥ ይዘት መሰራጨቱን ካወቀ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኢንሳ) ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት፤ ለፖሊስም ሪፖርት ማድረግ አለበት። ማለትም የኛ ሕግ «አንሳ» ብቻ ሳይሆን «ተናገር»ም ይላል። በወረቀት ላይ ከብዙ ያደጉ አገሮች ሕግ ይጠነክራል። በወረቀት ላይ።

«24 ሰዓትስ?» ትለኝ ይሆናል። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ሰምቻለሁ፤ «ኩባንያው በ24 ሰዓት ካላነሳ ይቀጣል» ይባላል። ይህ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር ከወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የመጣ ነው። አንቀጽ 8 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያዛል። ግን ሁለት ነገር ተረስቷል። ግዴታው ለጥላቻ ንግግርና ለሐሰተኛ መረጃ ነው፣ ለማንኛውም ዛቻ አይደለም። የጥላቻ ንግግር ለመባል ጥቃቱ ወይም ጥላቻው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት። አንተ የተዛተብህ በጀልባ ዋጋ ነው። ስለዚህ የ24 ሰዓቷ ሰዓት ላንተ አትቆጥርም። ያው ሰውዬ ስለ ብሔርህ አንድ ቃል ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ትቆጥርልህ ነበር። አስቀያሚ ነገር ነው፤ ግን ሕጉ እንዲህ ነው የተጻፈው።

ሁለተኛው የተረሳ ነገር፣ አዋጁ ግዴታውን ላልፈጸመ ኩባንያ ቅጣት አላስቀመጠም። ቅጣቱ ለተናጋሪው ነው። ከ5000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ እንዲከብድበት ሁሉ አስቧል። ለመድረኩ ባለቤት ግን የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ተከታትሎ ለሕዝብ ይፋ የሚሆን ሪፖርት ያወጣበታል፣ በቃ። ሕግ አውጪው ትንሹን ዓሣ በመረብ፣ ትልቁን በምክር ለመያዝ ያሰበ ይመስለኛል።

በሌላው ዓለም ያለውን ለማነጻጸር ያህል ልንገርህ፤ ኩባንያዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነውና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ አንድ ክፍል አለ፤ ቁጥሩ 230 ነው። መድረኩ ሌላ ሰው ለጻፈው ነገር እንደ አሳታሚ አይቆጠርም ይላል። በዚህ የተነሳ በዛቻ የተጎዳ ሰው አሜሪካ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ሲከስ ብዙ ጊዜ ከበር ይመለሳል። እንዲያውም እዚያ ኩባንያው የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስል ካገኘ ማሳወቅ ይገደዳል። የግድያ ዛቻ ካየ ግን ለፖሊስ መስጠት ይችላል እንጂ አይገደድም። «ይችላል» እና «ይገደዳል» መካከል ስንት ሰው እንደሚወድቅ አስበው።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ሄዳለች። የዲጂታል አገልግሎቶች ሕጋቸው እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። አንቀጽ 18 የሰው ሕይወትን ወይም ደኅንነትን የሚያሰጋ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ሊፈጸም መሆኑን የሚያስጠረጥር መረጃ ያገኘ መድረክ ወዲያውኑ ለፖሊስ ወይም ለፍትሕ አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ትላልቆቹ ሕጉን ከጣሱ ቅጣቱ ከዓመታዊ የዓለም ገቢያቸው እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ከኛው አንቀጽ 27 ጋር ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ እነሱ 6 በመቶ አላቸው።

አሁን ከባዱ ነገር። በዚህ ከተማ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ሊዘለው የማይችለው ስም አለ። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ፎቷቸውንና የሚኖሩበትን ሰፈር የያዙ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጥተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ መጠየቁን፣ መልስ ያገኘው ግን አባቱ ከሞቱ በኋላ መሆኑን ለፍርድ ቤት ባቀረበው አቤቱታ ገልጿል።

ታኅሣሥ 2015 ላይ አብርሃም ሜታን ከሰሰ። አብረውት ተመራማሪው ፍስሐ ተክሌና የኬንያው ካቲባ ኢንስቲትዩት አሉበት። የከሰሱት እዚህ አይደለም፣ ናይሮቢ ነው። ለምን ናይሮቢ? የአማርኛን ጨምሮ የአካባቢውን ይዘት የሚመለከቱ ሰዎች የሚሠሩት እዚያ ስለነበር ነው። ሜታ የጥላቻ ንግግርና ወደ ጥቃት የሚገፋፋ ጽሑፍ በደንቡ የተከለከለ መሆኑን ይናገራል፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። መጋቢት 25 ቀን 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ልብ በል፤ የወሰነው ሥልጣንን ብቻ ነው። ኩባንያው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ገና አልተባለም። እዚህ ነጥብ ላይ ለመድረስ ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቷል።

«ልከሰው እችላለሁ?» ላልከኝ መልሱ ከዚህ ይወጣል። በመርህ ደረጃ ትችላለህ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። ማወቅ እየተገባው ወይም አውቆ ዝም ያለ ኩባንያ ጥፋት የለበትም የሚለኝ ጠበቃ ካለ ፊት ለፊት እንከራከራለን። ግን መጥሪያውን ለማን ታደርሳለህ? ፍርዱን በየትኛው ንብረት ላይ ታስፈጽማለህ? እዚህ ሆቴል ቢሆን ጠረጴዛና ፍሪጅ ታሳግዳለህ። የዚህ ኩባንያ ጠረጴዛ ካሊፎርኒያ ነው። ገንዘብህን ለዚህ ዛሬ አታውጣ። ማስረጃህን ግን አንድ ቀን እንደምትከስ ሰው አድርገህ ያዝ። አብርሃም መዓረግ ዛሬ የሚከራከረው ያኔ የላካቸውን ሪፖርቶች ይዞ ነው።

ስለ ማስረጃ ካነሳን፣ የላክልኝን ስክሪንሾት አየሁት። ባትሪህ 9 በመቶ መሆኑን አውቄያለሁ። የአካውንቱን ስም ግን ግማሹን ቆርጠኸዋል። ቀን የለውም፣ ሊንክም የለውም። ከዓመታት በፊት አንዲት ደንበኛዬ እንደዚህ ያለ የተቆረጠ ምስል ይዛ መጣች። እኛ ክስ ስናዘጋጅ ያኛው ሰው ስሙንም ፎቶውንም ቀየረ። ችሎት ላይ «ይህ አካውንት ያ አካውንት ነው» የሚለውን ማስረዳት አቃተን። ተከሳሹ በነጻ ወጣ፤ ሲወጣ በሩ ላይ እጅ ነሳኝ፣ እስካሁን ትቆጨኛለች።

ስም ይቀየራል፣ ፎቶ ይቀየራል፣ የፕሮፋይሉ ሊንክ ግን ብዙ ጊዜ መለያ ቁጥሩን እንደያዘ ይቆያል። የፕሮፋይሉን ሊንክ ኮፒ አድርግ። የኮሜንቱንም ለብቻው ኮፒ አድርግ፤ ሰዓቱ ላይ ስትነካው ይወጣል። ከዚያ በሌላ ስልክ የራስህን ስልክ ቪዲዮ አንሳ፤ አፑን ከመክፈት ጀምረህ እስከ ኮሜንቱ ድረስ ሳትቋረጥ። ጓደኛህ አጠገብህ ይሁን፤ ነገ ምስክር ይሆናል። ብሎክ አታድርገው፣ ቢያንስ ይህን ሳትጨርስ። መልስም አትስጠው። አንድ ስድብ ከጻፍክ ነገሩ «ተሰዳደቡ» ይሆናል።

አንድ የማይታሰብ ነገር ልጨምር። ኩባንያው ኮሜንቱን ቢያነሳልህ ደስ ይልሃል፤ ግን ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መያዝ፣ ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ እንደገና ሪፖርት ነው። ሕይወትህ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ትተህ ሩጥ፤ ማስረጃ ሕይወት ላለው ሰው ነው።

ወደ ፖሊስ ጣቢያው እንመለስ። «ማን እንደሆነ አጣርተህ ና» ያለህ ሰው ሥራውን ላንተ ሰጥቶሃል። ማጣራት የመርማሪ ሥራ ነው፣ አቤቱታም ባልታወቀ ሰው ላይ ይቀርባል። ሌባ ጨለማ ውስጥ ዶሮህን ቢሰርቅ ስሙን ጠይቀኸው ነው የምትሄደው? በጽሑፍ አቤቱታ ይዘህ ተመለስ፤ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ላይ ማኅተም ይረፍበት። እምቢ ካሉህ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሂድ። ተቆጥተህ ሳይሆን ወረቀት ይዘህ።

መርማሪው ምን ማድረግ እንደሚችል አንተም እወቅ፤ አንዳንዴ ባለጉዳዩ ሲያውቅ መርማሪውም ይነቃል። በአዋጁ አንቀጽ 30 መሠረት ሊጠፋ የሚችል መረጃ እንዲጠበቅ በጽሑፍ ማዘዝ ይችላል። ለ3 ወር ይቆያል፣ አንዴም ይራዘማል። ለዚህ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልገውም፤ መረጃውን ለመውሰድ ግን ያስፈልገዋል። ትላልቆቹ ኩባንያዎች የሕግ አስከባሪዎች ብቻ የሚጠይቁበት የኢንተርኔት መስኮት አላቸው። ሜታ ለወንጀል ምርመራ ከተጠየቀ የአካውንቱን መረጃ ለ90 ቀን አቆይቶ ይጠብቃል። የሰው ሕይወት የሚያሰጋ አስቸኳይ ነገር ከሆነም ለብቻው የአስቸኳይ መጠየቂያ አለ። ይህን አንተ መጠየቅ አትችልም፣ ፖሊስ ነው የሚጠይቀው። ለዚህ ነው ጣቢያውን በትዕግሥት የምንለማመጠው።

ኩባንያው ምን ይሰጣል? የሰውየውን የውስጥ መልእክት ለመስጠት የአሜሪካ ሕግ ያስረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ለዚያ በመንግሥታት መካከል የሚደረግ የሕግ ትብብር ያስፈልጋል፤ ረጅም መንገድ ነው። አካውንቱ የተከፈተበት ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (ስልኩ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ግን ከዚያ ይቀላል። ስልክ ቁጥር ከተገኘ ደግሞ ነገሩ አገር ቤት ገባ ማለት ነው፤ ሲም ካርድ በመታወቂያ ነው የሚወጣው። የአገር ውስጥ አገልግሎት ሰጪዎችም የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ አዋጁ በአንቀጽ 24 ያዛል። ዛቻው ቴሌግራም ላይ ቢሆንስ ለምትሉ ሌሎች አንባቢዎች፣ ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ይህን በር ዘግቶ ነበር። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር ደንቡን ቀየረ። አሁን ተገቢ የሕግ ጥያቄ ሲቀርብለት የስልክ ቁጥርና አይፒ ሊሰጥ እንደሚችል ያስታወቀ ነው።

ግን ልምዴን ልንገርህ። እንዲህ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከካሊፎርኒያ በሚመጣ ወረቀት አይደለም። የሚገኘው ከራሱ አፍ ነው። ኮሜንቱ ስለ በሩ ይናገራል። የበርህን ቀለም የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? እናትህ እዚያ እንደሚኖሩስ? ዋጋውን በመጻፍህ ገንዘብ የጎደለበትስ? ሦስቱን ክብ ስትደራርባቸው መሐል ላይ የሚቀሩት ሰዎች በአንድ ጀልባ የሚጫኑ ናቸው። ይህን ለመርማሪው ቃልህን ስትሰጥ አስመዝግብ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን «እገሌ ነው» ብለህ እንዳትጽፍ። ከተሳሳትክ የስም ማጥፋት ክስ ባንተ ላይ ይዞራል፤ ያውም በዚያው በአንቀጽ 13። እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው ቢሮዬ ተቀምጦ ያውቃል፤ ከሳሽ ሊሆን መጥቶ ተከሳሽ ሆኖ ወጣ።

የጻፍኩትን ዋጋ ላጥፋው ወይ ብለህ ከጠየቅከኝ፣ አልጠየቅከኝም ግን ታስበው ይሆናል፤ ሕግ አያስገድድህም። ፖስቱን ካጠፋኸው ኮሜንቱም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ቢያንስ መርማሪው ራሱ እስኪያየው ድረስ ባለበት ተወው። ኮሜንት መስጫውን መዝጋት ትችላለህ።

እስከዚያው ድረስ ሐይቅ ላይ ብቻህን አትውጣ። ረዳት ያዝ፤ የማታ ጉዞ አትቀበል። ስልክ ደውሎ «አምስት ሰው ነን፣ ከከተማ ወጣ ካለው ዳርቻ ና አንሳን» የሚልህን የማታውቀውን ሰው «ወደቡ ላይ እንገናኝ» በለው። ከማኅበራችሁ ለአንድ ሁለት ሰው ንገራቸው፤ መቼ እንደወጣህና መቼ እንደምትመለስ ይወቁ። የሕይወት ጃኬቱን ለእንግዳ ብቻ እንደምታደርገው አውቃለሁ፤ ሁላችሁም እንደዚያ ናችሁ። ሰሞኑን አንተም አድርገው።

እናትህም ነገሩን ከአንተ ይስሙት፣ ከጎረቤት አይስሙት። ምን እንደተጻፈ አንብብላቸው። «ከልጅዎ ሰላምታ ይዤ መጣሁ» የሚል ሰው በሩን ቢያንኳኳ ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆነው ስሙን ይጠይቁት፤ ከዚያ ለአንተ ይደውሉ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍና ለመርማሪው ስጠው።